ማኅተም ያረፈባቸው አሥራ አንድ ቀናት

አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ ጨዋታ አበላሽ ነኝ። ሰፈር ውስጥ ሰው ተሰብስቦ በሶደሬ መንገድ ላይ ስለሚታየው ነጭ ለባሽ፣ አዋሽ ዳር በስም እየጠራ ስለሚያስከትለው ድምፅ ሲያወራ፣ እኔ "ስንት ሰዓት ላይ ነበር? አብሮት ማን ነበር? ከየት ወዴት ሲሄድ?" እያልኩ እጠይቃለሁ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ወሬው ይቀዘቅዛል፣ ሦስተኛው ላይ ሰዉ ይበተናል። ዛሬም እንደዚያው ነኝ፣ ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ አላምነውም ነበር። ስለዚህ ባታምኑኝ አልቀየምም። ያየሁትን ግን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ፣ ስህተት ካገኛችሁበት ንገሩኝ፣ እውነቴን ነው፣ ስህተት ብታገኙልኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ብሔራዊ ውትድርና ከመጣ በኋላ፣ እዚሁ ናዝሬት ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ የቀበሌያችን ንባብ ቤት ጠባቂ ሆንኩ። ንባብ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ከአንድ ባለ ትርፍ ቤት የተወረሰ ባለ ቆርቆሮ አንድ ክፍል ነው፣ አራት አግዳሚ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት መደርደሪያ። አንደኛው መደርደሪያ ማንም በማይነካቸው ቀይ ሽፋን የንድፈ ሐሳብ መጻሕፍት ተሞልቶ ነበር፣ ሁለተኛው ላይ ደግሞ ድሮ እዚያ ቤት ተከራይቶ የኖረ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ፣ አንድ እንግሊዛዊ፣ ጥሎት የሄደ ወፍራም መጽሐፍ ነበር፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የእንግሊዝ አገር ታሪክ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከእሱ ነው፣ መዝገበ ቃላት በቀኝ፣ መጽሐፉ በግራ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ።

አንድ ቀን የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳኑን ሰንጥቄ፣ ጓጉንቸር አበጅቼለት፣ "ይጠይቁ፣ ይመለሳል" ብዬ ጽፌ በሩ አጠገብ ሰቀልኩት። ሰዉ ጥያቄውን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይከታል፣ እኔ መልሱን በቁም ጽሕፈት ጽፌ ሰሌዳው ላይ እለጥፋለሁ። ያለኝ መጽሐፍ አንድ ስለሆነ መልስ የማገኘው ለእንግሊዝ ብቻ ነበር፣ ሰዉም ይህን ሲያውቅ የእንግሊዝን ብቻ መጠየቅ ጀመረ። ቀልድ አይደለም፣ በዓመቱ ውስጥ የኛ ቀበሌ ሽንኩርት ነጋዴ ሁሉ እንግሊዞች አንድን ገዢያቸውን በሞተ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተው ከመቃብር አውጥተው እንደሰቀሉት ያውቅ ነበር።

ዋናው ደንበኛዬ ጋሪ ነጂው ገመቹ ነው። ማንበብ ብዙም አይሆንለትም፣ ግን ፈረሱን በሩ ላይ አቁሞ አንገቱን ያስገባል።

"አካም፣ ታደለ! ዛሬስ እንግሊዞች ምን ሆኑ?"

"ዛሬ መስኮት ላይ ግብር ጣሉ።"

"ምን ላይ?"

"መስኮት ላይ። ቤትህ ስንት መስኮት አለው ተብሎ ይቆጠርና ትከፍላለህ። ሰዉ መስኮቱን በጡብ ደፈነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ እንዲህ ኖሩ።"

"ዋቃዮ! የኔ ቤት እኮ መስኮት የለውም፣ እዚያ ብወለድ ማን ይችለኝ ነበር!"

ከሁሉ የሚወደው ግን የቢራውን ጎርፍ ነበር፣ ለንደን ውስጥ የአንድ ጠማቂ ቤት ትልቅ በርሜል ፈንድቶ ቢራው መንገድ ለመንገድ ፈሶ ስምንት ሰው የገደለበትን። ያን መልስ አምስት ጊዜ አስነብቦኛል፣ በመጨረሻም ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፣ "ሰዎቹ ሲሞቱ ሰክረው ነው ሳይሰክሩ?" መጽሐፉ አይልም እለዋለሁ። "ታዲያ ምኑን መጽሐፍ ሆነ!" ብሎ ፈረሱን ይመታል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ንጉሤ አንድ ቀን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር አነበበ፣ ስሙ ንጉሤ መሆኑን ተዉት፣ እሱ ፊት በዚያ የሳቀ የለም። "ለምን እንግሊዝ?" አለኝ። ሌላ መጽሐፍ የለኝም አልኩት። የመስኮቱን ግብር ደግሞ አነበበና፣ "ይሄ ጥሩ ነው፣ ብዝበዛን ያጋልጣል። ሁለት ነገር ግን ልብ በል። አንደኛ፣ የቀበሌው ማኅተም ሳያርፍበት አንዲት ወረቀት እንዳትለጥፍ። ሁለተኛ፣ የፈረንጅ ቀን ለብቻው አትጻፍ፣ ሕዝቡ እንዲገባው በኛ አቆጣጠር ቀይረው" አለ። እነዚህን ሁለት ትእዛዞች ልብ በሉልኝ፣ ሁሉም ነገር የመጣው በእነሱ ነው።

በዚያ ክረምት ስሜ ለውትድርና ዝርዝር ላይ ወጣ። እናቴ ከኔ ሌላ ልጅ የላትም። ከጎረቤታችን ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ዓመት ሄደው የአንዳቸውም ደብዳቤ አልመጣም ነበር፣ እናታቸው ፖስታ ቤት እየሄደች ደረጃው ላይ ስትቀመጥ እማዬ በየቀኑ ታያታለች። መደበቅ አይቻልም፣ የተደበቀ ልጅ እስኪቀርብ ድረስ እናቱን ቀበሌ ወስደው ያስቀምጧታል፣ ይህን በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ እኔ መቅረቤ ቁርጥ ነበር፣ እማዬ ግን አልቆረጠላትም፣ ሌሊት ተነስታ እግሬ እንዳለ በእጇ ትዳስሳለች፣ የተኛሁ መስዬ ዝም እላታለሁ።

ነሐሴ 19 ቀን ጠዋት ጣሳውን ስከፍት አንዲት ብጣሽ አገኘሁ። በኮፒያ እርሳስ የተጻፈች ናት፣ ያ ምላስ ላይ ሲረጥብ ሐምራዊ የሚጽፈው። "እንግሊዞች ከካሌንደር ላይ አሥራ አንድ ቀን አውጥተው ጥለዋል ይባላል። በኛ የትኞቹ ቀናት ናቸው?" ትላለች። ጥያቄው ደስ አለኝ፣ መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ገጽ ሙሉ አለ፣ የድሮውን አቆጣጠራቸውን ትተው አዲሱን ሲይዙ፣ በ1752 በፈረንጆቹ፣ ረቡዕ ሴፕቴምበር 2 ተኝተው በማግስቱ ሐሙስ ሲነቁ ሴፕቴምበር 14 ሆነ። ከ3 እስከ 13 ያሉት ቀናት አልነበሩም። እኔም በትእዛዙ መሠረት ወደኛ ልቀይር ብዬ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሁለቱንም ቀን የያዘ ካሌንደር አይቼ፣ ከነሐሴ 28 እስከ መስከረም 3 ሆነልኝ፣ ጳጉሜ አምስት በሆነችበት ዓመት ልክ አሥራ አንድ ይመጣል፣ ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ለጠፍኩ።

በሁለተኛው ቀን ሌላ ብጣሽ፣ ያው ሐምራዊ። "በነዚያ ቀናት ውስጥ የነበሩት ሰዎችስ?" እኔም አጭር መልስ ጻፍኩ፦ "ከነሐሴ 28 እስከ መስከረም 3 ባሉት ቀናት ውስጥ ማንም ሰው አልነበረም።" ጓድ ንጉሤ ሳያነበው ማኅተሙን መታበት።

በነሐሴ 24 ከመልሶቼ ጎን የቀበሌው ማስታወቂያ ተለጠፈ። ስማቸው የተዘረዘረ ወጣቶች ከነሐሴ 28 ጀምሮ እስከ መስከረም 3 ሪፖርት እንዲያደርጉ፣ በመጨረሻው ቀን መኪና እንደሚነሳ የሚል። ቀኖቹን ሳይ ደነገጥኩ አልልም፣ ገረመኝ እንጂ። ጓድ ንጉሤን እነዚህ ቀናት ለምን ተመረጡ ብዬ ጠየቅኩት።

"ከላይ የመጣ ነው" አለኝ። "አንተ ደግሞ መጠየቅ ልማድ ሆነብህ።"

በማግስቱ ሦስተኛው ብጣሽ መጣ። "እርግጠኛ ነህ?" ብቻ ይላል። አልመለስኩለትም፣ ተናድጄ ነበር፣ እኔ በቀን አቆጣጠር ተሳስቼ አላውቅም።

እንግዲህ ማክሰኞ፣ ነሐሴ 28፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሪፖርት የማደርገው በመጨረሻው ቀን ነው ብዬ ለእማዬ ስለነገርኳት እንደ ወትሮው ንባብ ቤቱን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ከባድ ዝናብ ነበር፣ የናዝሬት የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የራሳችሁን ሐሳብ እንኳ አትሰሙም፣ ከቤት ስመጣ ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በጭቃ ተነክሮ ነበር፣ ካልሲዬ ሲጨመቅ ይሰማኛል። ክፍሉ ውስጥ ከኔ በቀር ማንም የለም። ያን ሁሉ የዝናብ ድምፅ ሰንጥቆ፣ እመኑኝ፣ ጣሳው ውስጥ ወረቀት ስትወድቅ ሰማሁ። ጠቅ። ተነስቼ በሩን አየሁ፣ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። ጣሳውን ከፈትኩት። በሐምራዊው እርሳስ አንድ ቃል፦

"ልግባ?"

ሰው ልግባ ሲላችሁ ምን ትላላችሁ? አፌ ለምዶት ነው፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ፣ "ይግቡ" አልኩ።

ገባ። የኔን ቁመት የሚያክል፣ በዕድሜም የሚያክለኝ የሚመስል፣ ኮሌታው የቆመ ካፖርት የለበሰ ሰው። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ አግዳሚው ላይ ስለተቀመጠ ፊቱ ጥላ ነበር፣ ፊቱን አይቼዋለሁ ብዬ መማል አልችልም። ጫማውን ግን አይቻለሁ። ደረቅ ነበር። መንገዱ ወንዝ ሆኖ የሰውየው ጫማ ላይ አንዲት ነጥብ ጭቃ የለችም። ከዚያ ጎብኚም እኔም የምንፈርምበትን መዝገብ ሳብ አደረገና እርሳሱን ምላሱ ላይ አስነክቶ ፈረመ፣ እርሳስ ምላስ ሲነካ ድምፅ አለው ብትባሉ ታምናላችሁ? አለው፣ ድመት ወተት ስትልስ የምታሰማውን ያህል ትንሽ ነው፣ በዚያ ዝናብ ውስጥ ሰማሁት።

"መልሱን የጻፉት እርስዎ ነዎት?" አለኝ።

በኔ ዕድሜ ያለ ሰው እርስዎ ብሎኝ አያውቅም፣ እኔም አንቱታውን መመለስ ግድ ሆነብኝ። "እኔ ነኝ፣ ምን ልርዳዎት?"

"ከነሐሴ 28 እስከ መስከረም 3 ብለዋል። በምን አስልተው ነው?"

ካሌንደሩን በጣቴ አሳየሁት።

"ይሄ የዘንድሮ ነው" አለ፣ ድምፁ ላይ ቁጣ የለም፣ አስተማሪ ደብተር ሲያርም እንደሚናገረው ነው። "ያን ያህል ዘመን ያለፈውን ሌሊት በዘንድሮ ካሌንደር ቆጠሩት? የኛና የነሱ ልዩነት ያኔ እንዲህ አልነበረም። እነሱ ያን ረቡዕ ሲተኙ በኛ መስከረም 5 ነበር፣ ሐሙስ ሲነቁ መስከረም 6። የዘለሉት ቁጥሩን ነው እንጂ ቀኑን አይደለም። ለኛ አንድም ቀን አልጎደለም። እርስዎ እነዚህን አሥራ አንድ ቀናት ከየት አመጧቸው?"

ጆሮዬ ጋለ። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ልክ ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቼ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ከውትድርናው በላይ አሳፈረኝ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ ብያችሁ የለ?

"ስህተት ነው" አልኩ። "ዛሬውኑ አርመዋለሁ።"

"ማኅተም አርፎበታል እኮ።"

"ቢያርፍስ?"

"ማኅተም ያረፈበትን ማን ያርማል?" ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፣ እሱ አልሳቀም። "ደግሞም በነዚያ ቀናት ውስጥ ማንም አልነበረም ብለው ጽፈዋል። እሱም ማኅተም አለው። እንግዲህ ቀኖቹ ባዶ ናቸው ማለት ነው።"

ዝናቡ ብሶ ነበር።

"ሪፖርት የሚደረግባቸውም እነሱ ናቸው አይደል?" አለ።

"ናቸው።"

"ቢዘሏቸው ደስ ይልዎታል?"

"ማን ደስ አይለውም?"

"እናትዎስ?"

ስለ እናቴ ከየት እንዳወቀ መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነው። "እናቴ እንዳትታሰር ብቻ ነው የምፈልገው" አልኩት።

"እንግዲያው፣ ማንም ከሌለባቸው፣ ሰው ይግባባቸው?"

ይህችን ቦታ በኋላ ስንት ሌሊት ደጋግሜ አይቻታለሁ መሰላችሁ። አፍሬ ነበር፣ ሰውየው ቶሎ እንዲሄድልኝ ፈልጌ ነበር፣ ፈርቼም ይሆናል። "ምን ቸገረኝ፣ ይግባባቸው" አልኩ።

መስከረም 5 ያለው ልክ መሆኑን ደግሜ ላጣራ ብዬ ወደ ካሌንደሩ ዞርኩ፣ ጣቴን አስቀምጬ መቁጠር ጀመርኩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ እና ዝናቡ ቆመ። ቀስ እያለ አባርቶ አይደለም፣ ሬድዮ ሲዘጋ እንደሚሆነው ነው። ጣቴ ስር ያለውን አየሁ። ካሌንደሩ እኔ የማውቀው አልነበረም፣ ሥዕሉ ሌላ ነው፣ አዲስ ነው፣ ገጹ መስከረም ነው። ጣቴ 4 ላይ ነበር።

ዞር ስል አግዳሚው ባዶ ነው። መስኮቱ ላይ ፀሐይ አለ። በሩን ልከፍት ብል ከውጭ ተቆልፏል፣ በስንጥቁ ሳይ የራሴ ቁልፍ ነው። ጠረጴዛው ላይ መዝገቡ ተከፍቷል፣ ከነሐሴ 28 እስከ መስከረም 3 በየቀኑ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት ተሞልቷል፣ በሐምራዊ እርሳስ፣ በኔ ስም፣ በኔ ጽሕፈት። እኔ "ደ"ን ስጽፍ ቀኝ እግሯን ትንሽ አጠፋታለሁ፣ እሱም አጥፏታል። ከመዝገቡ ጎን አሥራ አንድ መልሶች ተደርድረዋል፣ የመጀመሪያው "እርማት" ይላል፣ መስከረም 5ን እና 6ን አብራርቶ፣ እሱ ብቻ ነው ማኅተም የሌለው። ሁሉንም አነበብኳቸው፣ አንድ ስህተት አላገኘሁባቸውም። የመጨረሻው ለገመቹ ነበር፦ "ሳይሰክሩ ነው። ጎርፉ ቤታቸው ድረስ ገብቶ ነው ያገኛቸው፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ።" የኔ መጽሐፍ ይህን አይልም፣ ገጹን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ አይልም።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ። ጭቃው ገና እርጥብ ነበር፣ ካልሲዬ ሲጨመቅ ይሰማኛል።

የጋሪ ድምፅ ስሰማ በመስኮቱ ብረት መሃል ገመቹን ጠራሁት። ፈረሱ ነው መጀመሪያ ያየኝ፣ ወደ ጎን ሸሸ። ከዚያ ገመቹ።

"ታደለ?" አለ፣ በሹክሹክታ። "ትናንት በመኪና ሄደህ የለም እንዴ?"

"የት ሄድኩ?"

"እንዴ! ከነቦርሳህ እዚህ ጋሪ ላይ አምጥቼህ! እናትህ እያለቀሰች፣ የሩፋኤልን ጸበል ቀብታህ፣ መኪናው ላይ ስትወጣ እኔ ነኝ ቦርሳውን ያቀበልኩህ። ዘለህ ወርደህ ነው? ዘለህ ከሆነ ንገረኝ፣ ለማንም አልናገርም፣ ወላሂ አልናገርም።"

"ገመቹ፣ እኔ ከዚህ ክፍል አልወጣሁም።"

ረጅም ጊዜ አየኝ። "ትናንት" አለ ቀስ ብሎ፣ "አካም ስልህ 'እንደምን አደሩ' አልከኝ። ፈሪ ሲሆን ሰው ጨዋ ይሆናል ብዬ ነው የተውኩት።"

እማዬን ሄዶ አመጣት። መምሸት ሲጀምር መጥታ በብረቶቹ መሃል እጇን አስገብታ ፊቴን ዳሰሰችኝ፣ እንደ ዓይነ ስውር፣ ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ አገጬን።

"ተናገር" አለችኝ።

"እማዬ፣ ምን ልበልሽ? አንቺ ነሽ ማመን ያለብሽ..."

"አንቺ አለኝ!" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ከለቅሶዋ መሃል እየቆረጠች ነገረችን፣ ለአሥራ አንድ ቀን አንቱ ሲላት መክረሙን፣ "እማዬ ይቀመጡ፣ እማዬ ይብሉ" ማለቱን፣ ልጄ ሊለየኝ ስለሆነ ከበሬታ አበዛልኝ ብላ ሆዷ መባባቱን። ጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ጸበል ነውና ውጣ ስትለው ግቢው ውስጥ ደስ እንዲላት ብዙ ቆሞ መመለሱን፣ ልብሱን ልታሰጣ ብትይዘው ደረቅ ሆኖ ማግኘቷን። "የረጠበ መሰለኝ፣ በእጄ ይዤው፣ ደረቅ ነው" አለች። ከዚያ ለቅሶዋ ቆመና ፊቷ ተለወጠ።

"ታዲያ ትናንት ስሜ የሸኘሁት ማንን ነው?"

ገመቹ ፈረሱን ወደ በሩ ሳበው።

ወረቀት ላይ ከሄድክ ሄደሃል፣ ከተማ ውስጥ ብታይ ኮብላይ ነህ። ገመቹ የበሩን ማጠፊያ ነቅሎ አወጣኝ፣ በጋሪው ላይ ሣር ጭኖብኝ ከከተማው አሳለፈኝ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሞጆ አጎቴ ዘንድ ገባሁ፣ ቆዳ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ ደበቀኝ። አጎቴ አስተዋይ ሰው ነው። "ወባ ነው" አለኝ። "ሪፖርት አደረግህ፣ መኪና ላይ ወጣህ፣ ትኩሳት ያዘህ፣ ዘለልህ፣ ተመልሰህ የለመድከው ቦታ ገባህ፣ ረሳኸው። ከውጭ የቆለፈውም የቀበሌው ዘበኛ ይሆናል።" ብዙ ቀን ይህን ለማመን ሞክሬአለሁ፣ ጥሩ ማብራሪያ ነው፣ ሌላ ሰው ቢሆን እኔም ይህንኑ እለው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። እርጥቡን ጫማ።

እና ደብዳቤዎቹን።

የመጀመሪያው በኅዳር መጣ። እማዬ ማንበብ አትችልም፣ ለሰፈር ሰው ማስነበብም ፈራች፣ በነጠላዋ ጥግ ቋጥራ ሞጆ ድረስ ይዛልኝ መጣች። ከፈትኩት። ሐምራዊ ነው። የራሴን ጽሕፈት፣ ከጦር ግንባር የተላከ፣ ለራሴ እናት ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "ይድረስ ለውድ እናቴ፣ እንደምን ሰነበቱ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ጣራው ላይ ከምድጃው በላይ ያለችዋ ቀዳዳ ተደፈነች ወይ፣ ብርድ እንዳይመታዎት" ይላል። ያችን ቀዳዳ የከፈተው የጳጉሜ ነፋስ ነው፣ እኔ አላውቃትም ነበር፣ ከእማዬ ነው የሰማሁት። ከታች በኩል አንዲት መስመር ነበረች፣ ለብቻዋ፦ "ለዚያኛው ሰላም ይበሉልኝ።"

አላነበብኩላትም።

"እዚያ ታች ያለውስ?" አለች፣ ጣቷን አድርጋ።

"ፊርማ ነው።"

ሦስት ደብዳቤ መጣ፣ በሦስቱም ያች መስመር አለች፣ ሦስቱንም ጊዜ ፊርማ ነው አልኳት። ከዚያ ቀረ። እማዬ መጠበቋን አላቆመችም፣ ያች ጎረቤታችን የምትቀመጥበት የፖስታ ቤት ደረጃ ላይ እሷም መቀመጥ ጀመረች። ምን ልትል ትችላለች? ልጄ ጠፋ ብላ እንዳታለቅስ ልጇ ሞጆ ተቀምጧል። ልጄ አለ ብላ እንዳታርፍ፣ በእጇ በሶ ጠቅልላ፣ ስማ የሸኘችው ሌላ ልጅ አለ። አንድ ቀን ዓይኗን ሳታነሳ፣ "ማንም ይሁን ማን፣ ያንተን ሞት ነው ይዞ የሄደው" አለችኝ።

ደርግ ሲወድቅ ወደ ናዝሬት ተመለስኩ። በዚያ ሰሞን የተበተነው ሠራዊት በአስፋልቱ ላይ ሲጎርፍ፣ ባዶ እግሩን፣ ጥም ያደረቀው፣ እማዬ በእንስራ ውሃ ይዛ መንገድ ዳር ቆመች፣ ስድስት ቀን። ለእያንዳንዱ ታጠጣለች፣ የእያንዳንዱን ፊት ታያለች። እኔም ከጎኗ ቆሜ አይ ነበር። እሷ እንዳይቀር ነበር የምትፈራው፣ እኔ እንዳይመጣ። ማንም አልመጣም፣ ወይም ፊቱን ስላላየሁት አላወቅኩትም።

ንባብ ቤቱ ዛሬ መጋዘን ሆኗል። መልሶቼን ፈልጌ አንዱን ብቻ አገኘሁት፣ ያንን ከነማኅተሙ፣ ከነሐሴ 28 እስከ መስከረም 3 የሚለውን። ልቀደው ብዬ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ፣ ስቀደው የሚቀደደው ምን እንደሆነ አላውቅም። ሣጥኔ ውስጥ ነው።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሆነውን ልንገራችሁና ልተዋችሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ይዘንባል፣ እማዬ አሞኛል ብላ ተጋድማለች። ውሃ በጣሳ ይዤላት ገባሁ፣ ጎንበስ ብዬ አቀበልኳት፣ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር፣ ምን እንደማስብ አላስታውስም፣ እና አፌ "እማዬ፣ ይጠጡ" አለ።

አፌ አለ ነው የምላችሁ። እኔ አላልኩም።

ጣሳውን አልተቀበለችኝም። ቀና ብላ ተቀመጠች፣ እጇን ዘርግታ የሸሚዜን ትከሻ ዳሰሰች፣ ገና ከዝናብ መግባቴ ነበር፣ ደጋግማ ዳሰሰችው፣ እርጥብ ይሁን ደረቅ እኔም ወደታች ለማየት አልደፈርኩም። ከዚያ ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ በራ።

"መጣህ?" አለችኝ።

አይደለሁም ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን አይደለሁም ለማለት፣ አንቺ ልበላት ወይስ እርስዎ፣ ጠፋኝ።